ክላስ ድሮፕ ሊያደርጉ የመጡ ሰዎች

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ፣ ማለትም የተማሪዎች ድጋፍ ገንዘብ፣ ቢሮአችን አዲስ ነገር አስገባ። ተማሪው ክላስ ለመተው ስልኩ ላይ «ድሮፕ» የሚለውን ሲነካ፣ ሰው ሳይኖርባት ራሷ የምትመልስ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና ጥያቄ ካለህ ጻፍልኝ ትለዋለች። አጠገቤ የምትቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ «እስኪ ሞክሪያት» አለችኝ። እኔም ተማሪ መስዬ «አንድ ክላስ ድሮፕ ባደርግ ፋይናንሻል ኤይዴ ምን ይሆናል?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ዓይኔን ከድኜ ሳልገልጥ መጣ። ሁለቴ አነበብኩት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም። የገረመኝ፣ አንድም ነገር መልሳ አለመጠየቋ ነው።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስነዳ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ለማሰብ ሞከርኩና አቃተኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ኮሌጅ፣ አንዴ በኦሮራው ግቢ፣ አንዴ በዴንቨሩ፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ስሰማ የኖርኩት በአብዛኛው እሱን ነው። አልሰለችሽም ወይ ይሉኛል። አልሰለቸኝም። ሰው ለአንድ ክላስ ተመዝግቦ፣ መጽሐፍ ገዝቶ፣ አምስት ሳምንት ተመላልሶ ሲያበቃ ልተወው የሚለው ለምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ያለኝ ጉጉት እስከ መጨረሻው ቀን አልበረደም።

ወደ ሥራው የገባሁት በአጋጣሚ ነው። ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ውስጥ ሳንድዊች እሸጥ ነበር። ከሥራ ስወጣ እንግሊዝኛና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እማር ነበርና፣ ኮሌጁ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ውስጥ ፋይል እንዳስተካክል ቀጠረኝ። ክፍያው ከአየር ማረፊያው ያንሳል፤ ግን ወንበር ነበረው። እዚያ ነው ዶሎረስን ያገኘኋት።

ዶሎረስ ከኮሎራዶ ደቡብ፣ ከድንች ገበሬ ቤት የተገኘች፣ አጭርና ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ነበረች። በዕድሜ ከእኔ በጣም ትበልጣለች፤ በአማርኛ ብናወራ ኖሮ «እርስዎ» ነበር የምላት። ስሜን ጥሩወርቅ ማለት አቅቷት «ቲሩ» ትለኝ ነበር።

የእሷን አሠራር ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። የቆመ ሰው ጥያቄ አትመልስም። ሰው መስኮቱ ላይ መጥቶ «ድሮፕ» ሲል ከሰማች ተነስታ በጎን በር ትወጣና ጠረጴዛዋ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት በሙሉ ታትማለች። ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም ወይ? ይታያል፤ እሷ ግን ስክሪን ሰውን ያቻኩላል ባይ ናት። ወረቀቱን በተማሪውና በእሷ መሀል ዘርግታ፣ በእርሳስ አንድ ረጅም መስመር ታሰምራለች። መስመሩ ሴሚስተሩ ነው። የተጀመረበትን፣ የሚያልቅበትን፣ ዛሬ ያለንበትን ነጥብ ታደርግበታለች። «መጨረሻ ክላስ የገባኸው መቼ ነው?» ትለዋለች። ለምን ልትተወው ፈለግህ የሚለውን የምትጠይቀው በጣም ዘግይታ ነው፤ ለምን የተባለ ሰው መከላከል ይጀምራል ትል ነበር። ሁሉንም አስረድታ ስታበቃም አትለቀውም። እርሳሷን ታስቀምጥና «አሁን ምን እንዳልኩህ ንገረኝ» ትለዋለች። ተማሪው በራሱ አፍ ካልደገመው ከወንበሩ አይነሳም።

እኔ ደግሞ ቶሎ የተማርኩት የቃሉን ጉድ ነው። የእኛ ሰው «ክላሱን ድሮፕ አደረግኩት» ሲል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንዱ፣ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ኮሌጁ ተማሪውን ከሚቆጥርበት ቀን በፊት መተው ነው። ያን ጊዜ ክላሱ እንዳልነበረ ይሆናል፤ የድጋፉም ገንዘብ በቀሩት ክላሶች ልክ ይስተካከላል። ሁለተኛው ከቆጠራው ቀን በኋላ መተው ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል፤ ነገር ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ «ደብልዩ» የምትባል ፊደል ትቀመጣለች፣ ክላሱም ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ተብሎ ይቆጠራል። እነዚህ ያልተጠናቀቁት ሲበዙ፣ ተማሪው ከጀመረው ሁሉ ከሦስት ሁለት እጁን ካልጨረሰ፣ ድጋፉ ይቆማል። ሦስተኛው ለማንም ሳይናገሩ መቅረት ነው፤ ይሄኛው የባሰው ነው፤ ኤፍም አለበት። ለሦስቱም በእኛ ቋንቋ ያለን ቃል ግን «ድሮፕ» ብቻ ነው።

ሰብለ የምትባል፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት የምታስተናግድ ልጅ አንድ ቀን እያለቀሰች መጣች። ጎንደር ያለች እናቷ ታማባት ሁሉንም ክላስ ትታ ልትሄድ ነው። ዶሎረስ አስቀመጠቻትና መስመሯን አሰመረች። ሴሚስተሩ ስልሳ በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ክላስ የተወ ሰው ከተሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ላይ ያልተማረበት ቀን ተሰልቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ነጥብ ካለፈ ግን አይነካም። ዶሎረስ የግድግዳውን ካላንደር አውርዳ በእርሳሷ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረች። ያን ነጥብ ለማለፍ ስምንት ቀን ይቀራል።

«ትኬት ቆርጠሻል?»

«አልቆረጥኩም።»

«ስምንት ቀን መቆየት ትችያለሽ? ክላስ እየገባሽ፣ በእውነት እየገባሽ?»

ሰብለ ስልኳን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ደርቋል። «ወንድሜ እስከዚያ እኔ አለሁላት ብሏል» አለች። በዘጠነኛው ቀን ሄደች። እኔ ፋይል ታቅፌ ከኋላ ቆሜ ነበር። የሰውን ሐዘን በካላንደር ማገዝ እንደሚቻል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ይህን ሥራ በደንብ ልማረው ብዬ የቆረጥኩት የዚያን ዕለት ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ፋይል ከማስተካከል ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አማካሪነት ደረስኩ። አለቆች ተቀያየሩ። ከመካከላቸው አንዱ መስኮት ላይ ለአንድ ሰው ከስምንት ደቂቃ በላይ አይፈጅ የሚል ደንብ አወጣና እያንዳንዳችን የፈጀነውን ደቂቃ በየሳምንቱ ለጥፎ ያሳየን ጀመር። ዶሎረስ ዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ ግድም አልነበራትም። እኔ ግን መካከል ላይ ነበርኩ፤ ወደ ላይ መውጣት እፈልግ ነበር። ያኔ ለዋና አማካሪነት ታጭቼ ነበርና።

አቶ ሃብቶም የመጡት በዚያው ጸደይ ነው። አርባ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ አስመራ ተወልደው፣ ተማሪ ቤት በአማርኛ የተማሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። አገር ቤት የጭነት መኪና ሜካኒክ ነበሩ። እዚህ አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር ይገፋሉ። የሚማሩት የአውሮፕላን ጥገና ፕሮግራም ለመግባት ነው። «ሰው እየገፋሁ በሩ ጋ ስደርስ ዓይኔ የሚሄደው ሞተሩ ላይ ነው» ብለውኝ ያውቃሉ። ፕሮግራሙ በዓመት አንዴ ነው የሚቀበለው፤ ለነሐሴው ስማቸው ተይዞላቸዋል።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉኝ መስኮቱ ላይ ቆመው። «የሥራ ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀየሩብኝ። የሒሳቡ ክላስ ጠዋት ነው። ዲፓርትመንቱ ደግሞ ሒሳቡን ከፕሮግራሙ ጋር አብሬ መውሰድ እንደምችል ነግሮኛል። አሁን ድሮፕ ባደርገው ችግር አለው?»

ከኋላቸው ሰልፉ በሩ ደርሷል። ስክሪኔን አየሁ። የቆጠራው ቀን አልፏል፤ ገንዘቡ አይነካም። ሒሳቡ ቢወጣ ስድስት ክሬዲት ይቀራቸዋል፤ በዚያ እንደ ግማሽ ጊዜ ተማሪ ይቆጠራሉ፤ የትምህርት ብድራቸውም አይነካም።

«ችግር የለውም አቶ ሃብቶም» አልኳቸው። «ድሮፕ ያድርጉት።»

ፊታቸው በራ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እኚህ ሰው በእንግሊዝኛ ቢጠይቁኝ ኖሮ እጠነቀቅ ነበር። አስቀምጣቸው፣ መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃቸው ነበር። በአማርኛ ስለተነጋገርን የተግባባን መሰለኝ። ሁለተኛውን ስክሪን፣ ያለፉት ሴሚስተሮች ያሉበትን፣ አልከፈትኩትም።

በሰኔ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ። ድጋፋቸው ቆሟል ይላል። አሁን ሁለተኛውን ስክሪን ከፈትኩ። ባለፈው ዓመት ባለቤታቸው ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ሁለት ክላስ ትተው ነበር። ስለዚህ ጸደዩን የጀመሩት ማስጠንቀቂያ ላይ ሆነው ነው፤ የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ከፍተው በማያዩት የኮሌጅ አድራሻ ገብቶ ቀርቷል። ሒሳቡን ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው ይነሳላቸው ነበር። ድሮፕ ስላደረጉት ከጀመሩት ሃያ ሰባት ክሬዲት የጨረሱት አሥራ ሰባት ሆነ። የሚፈለገው አሥራ ስምንት ነው። አንድ ክሬዲት!

«ያኔ ችግር የለውም ብለውኝ አልነበረም?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነበር።

«ያኔ ያየሁት የዚያን ሴሚስተር ብቻ ነው» አልኳቸው።

ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ይሄ ብቻ አይደለም። ይግባኝ እንዲጽፉ ነገርኳቸው፤ የሺፍቱን መቀያየር እንዲያስረዱ መከርኳቸው። ሺፍት ተቀየረ የሚል ይግባኝ ብዙ ጊዜ እንደማያልፍ አውቃለሁ። ቶሎ የሚያልፈው አንድ ወረቀት ነበር፤ እሱም «ይህን ሰው በተሳሳተ ምክር ድሮፕ ያስደረግሁት እኔ ነኝ» ብዬ ፈርሜ ለዳይሬክተሩ የማስገባው። እንዲህ ያለውን በዕለቱ ነው የሚወስኑት። የፕሮግራሙ ቦታ ደግሞ እስከ ዓርብ ካልተከፈለበት ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይሰጣል።

ማክሰኞ አልጻፍኩም። ረቡዕ ጻፍኩና አጠፋሁት። ሐሙስ ዕለት የዋና አማካሪነቱ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ፤ ከእሱ በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ጥንቃቄ አልኳቸው። ዓርብ ዕለት ሰልፍ በዝቶ ዋለ። ሰልፉ በመብዛቱ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሰኞ ጠዋት የዶሎረስ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አጠለቀች።

«ምን ብሎ ጠየቀሽ? ቃል በቃል።»

ነገርኳት።

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

ነገርኳት።

«ከዚያስ እሱ ምን ብሎ መልሶ ነገረሽ?»

አላስደገምኳቸውም። ወረቀት አወጣችና እርሳሷን ሰጠችኝ። «ይሄን፣ እንደነገርሽኝ አድርገሽ ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩ፤ በኮምፒውተር ገልብጬ ፈረምኩ። ዳይሬክተሩ በዚያው ቀን አጸደቀው። የአቶ ሃብቶም ድጋፍ ተመለሰ። የፕሮግራሙ ቦታ ግን ዓርብ ከሰዓት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

በስልክ መናገር አልሆንልኝ አለ። ቅዳሜ በባቡር ወደ አየር ማረፊያው ሄድኩ። ባዶ ዊልቸር ይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር ግድግዳ ጥግ ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድጋፉ መመለሱን፣ ቦታው መሄዱን፣ በመሀሉ ያሉት ቀኖች በእኔ ምክንያት መባከናቸውን።

ሲያዳምጡኝ ቆዩ። «ማክሰኞ ዕለት ፊት ለፊትዎ ስቀመጥ ያውቁት ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

የዊልቸሩን እጀታ በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉት። «በመስኮቱ የተሳሳቱትን ይቅር ልልዎት እችላለሁ» አሉ። «ሰው ነዎት፤ ሰልፍ ነበረብዎት። ማክሰኞውን ግን እንጃ።»

ተራቸው ደርሶ ተጠሩ። አንዲት አሮጊት አስቀምጠው፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካክለው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ገፍተው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ሹመቱን አላገኘሁም። የጻፍኩት ወረቀት ይሁን ሌላ፣ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ወደ ዴንቨሩ ግቢ አዛወሩኝና ሦስት ዓመት እዚያ ሠራሁ። በየመስኮቱ፣ ዶሎረስ ተማሪ የምታስቀምጥበትን ዓይነት ወንበር አስገባሁ። ከደቂቃው ዝርዝር ግርጌ የእሷን ስም ተከትሎ የእኔ ስም መለጠፍ ጀመረ።

በዚያው መኸር አንድ ወጣት መጣ፤ አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር የሚገፋ። «ክላስ ድሮፕ ላደርግ ነበር» አለኝ። «አቶ ሃብቶም ናቸው የላኩኝ። ሁሉንም ወረቀቴን ሳታዪ፣ ሦስት አራት ነገር ሳትጠይቂኝ ከመለስሽልኝ ተነስቼ ሌላ ሰው ጋ እንድሄድ ነግረውኛል።»

ሳቅም እንባም መጣብኝ። «ቁጭ በል» አልኩት። ከእሱ በኋላ ሌላ መጣ፤ ከዚያ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የምትሠራ እህቱ፤ ከዚያ የታክሲ ሹፌሮች። ሁሉም ያንኑ ቃል ይዘው ነው የሚመጡት። አንዳንዶቹን አትተዉት አልኳቸው፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ዛሬውኑ ተዉት፣ ከነገ ወዲያ የቆጠራው ቀን ነው አልኳቸው። የሥራ ዘመኔን መልካሙን ክፍል የሠራሁት አቶ ሃብቶም የላኳቸውን ሰዎች በመጠየቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እሳቸው ራሳቸው የተመለሱት በሚቀጥለው ዓመት ነው። ፕሮግራሙ ተቀበላቸው። አንድ ዓመት በዚያ ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ ጉልበታቸው ተጎድቶ ነበር፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ነበሩ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ዴንቨር ድረስ እየመጡ ወረቀታቸውን ያስነብቡኝ ነበር። ስለ ማክሰኞው አንስተንም አናውቅም። ጨረሱ። አሁን ሃንጋር ውስጥ ይሠራሉ። ዶሎረስም ጡረታ ወጥታ ወደ ደቡብ፣ ወደ እህቷ ሄደች፤ ስደውልላት አሁንም ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ምን እንዳልኳት መልሳ ትነግረኛለች።

ከጡረታዬ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አቶ ሃብቶም ምሳ ልጋብዝዎት ብለው ኢስት ኮልፋክስ ላይ ተገናኘን። የእጃቸው ጥፍር ሥር ቅባት ገብቶበታል፤ እንደማይለቅ ነገሩኝ፣ ቅር ያላቸው ግን አይመስሉም። ስለ ሞተር ብዙ ጠየቅኳቸው፣ ብዙ አስረዱኝ። በመጨረሻ ለዓመታት ስጓጓለት የነበረውን ጥያቄ አነሳሁ።

«አቶ ሃብቶም፣ ያን ጊዜ ስመልስልዎት፣ እርስዎ ጠንቃቃ ሰው ሆነው ሳለ፣ ለምን ሌላ ሰው ደግመው አልጠየቁም?»

እንጀራውን እንደያዙ እጃቸው ቆመ። ፈገግ አሉ።

«መልስዎን ስለወደድኩት» አሉኝ። «ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ልጆች፣ ከልጆች ወደ ሒሳብ፤ ደክሞኝ ነበር። ችግር የለውም የሚለኝ ሰው ነበር የምፈልገው። እርስዎ አሉኝ። ሌላ ሰው ብጠይቅ ሊያበላሽብኝ ነው።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች ለምን ክላሳቸውን እንደሚተዉ ስጠይቅ፣ ለምን ወደ እኔ እንደሚመጡ አንዴም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«እኔም ያን ቀን ልልዎት የፈለግኩት ችግር የለውም የሚለውን ነበር» አልኳቸው።